ኩሽኔታው ሟች እንጂ ገዳይ አይደለም

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ጀልባ ሕመም ነው፤ ሕመሙ የተመረመረው ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ፣ ሰሚት ላይ ነው። ሳቁ፣ አልከለክልም። ከፔፕሲ ፋብሪካው እስከ ፊጋ፣ ከሳፋሪ እስከ ጎሮ ብትዞሩ የሚንሳፈፍ ነገር ብላችሁ የምታገኙት በሐምሌ ጎርፍ ላይ የሚሄድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። የተቀመጥነው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ቅርባችን የምንለው የጅቡቲ ወደብ እንኳ በባቡሩ መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቀናል። ቢሆንም፣ በዚህ ሰፈር የኮንዶሚኒየም ደረጃ ከሚወጡትና ከሚወርዱት መካከል ባሕሩን ከእኛ አብልጦ የሚያውቅ ሰው አለ።

አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ሰፈሩ «ካፕቴን» ይላቸዋል። እሳቸው ታዲያ በተጠሩ ቁጥር ያርማሉ፦ «ካፕቴን ላይ ነው የሚቆመው፤ እኔ ታች ነበርኩ።» ታች የሚሉት ሞተር ክፍሉን ነው። ጉልበታቸውን የጨረሱት በቀድሞው ባሕር ኃይል፣ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ሆድ ውስጥ ነው። እሷን የማታውቁ ካላችሁ፣ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ነበረች፤ ርዝመቷ 95 ሜትር ግድም፣ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ፣ ሁለት ዘንግና ሁለት ፕሮፔለር የነበራት። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተረክበናት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ሰንደቃችንን ይዛ ቀይ ባሕር ላይ ኖራለች። ካፕቴን በእነዚያ ዘንጎች ድምፅ ተኝተው በእነዚያ ዘንጎች ድምፅ ተነሥተዋል። ግራ ጆሯቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደክሟል። ቀኙን ግን አትሙት፤ የታችኛው ፎቅ ሰው የውሃ ፓምፕ ሊበላሽ ሲል ከባለቤቱ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኮሪደሩ ላይ ቡና ተፈልቶ አቦሉ እየተቀዳ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። ሲያትል የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ነበረች። እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ እሷ ዘንድ ገና ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት።

«ጋሼ፣ ጀልባ ገዛን ብዬዎት አልነበር? አመመችብን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷና ባለቤቷ ከዕድሜያቸው የምትበልጥ አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ ገዝተዋል። ዘጠኝ ሜትር ርዝመት ያላት፣ አካሏ ፋይበር ግላስ፣ ሆዷ ውስጥ ትንሽ የናፍጣ ሞተር ያለባት ናት። ሸራ ያላት ጀልባ ሞተር ምን ያደርግላታል ትሉ ይሆናል። ነፋስ ሲጠፋ የምትመለሰው በሞተር ነው፤ ወደብ ስትገባና ስትወጣ፣ በጠባብ ቦታ ስትዞር ሞተር ግድ ይላታል። ታዲያ ይህ ሞተር ማርሽ ሲገባለት ከኋላ በኩል ድም... ድም... ድም ይላል። ወለሉ ከእግር በታች ይንዘፈዘፋል።

«ባለሙያው ምን አለ?» አሉ ካፕቴን።

«የዘንጉ ኩሽኔታ አልቋል፤ ይቀየር አለ።»

«አምናስ?»

«አምናም ይኼንኑ ብሎ ቀየረው።»

ካፕቴን ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ መለሱ። «ልጄ፣ ገዳዩን ሳትይዙ ሬሳ ብቻ ነው እንዴ የምትቀብሩት?»

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ነገሩን ላስረዳ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። እኛ ሰሚት መንገድ ዳር ያለ ጋራዥ ገብተን ኩሽኔታ ስንል በዓይናችን የሚመጣው በሁለት የብረት ቀለበት መካከል ድቡልቡል ብረቶች የተደረደሩበት፣ ግራሶ የጠጣ ዕቃ ነው። ጀልባዋ ጭራ ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ነው። ከነሐስ ወይም ከናስ የተሠራ አጭር ቱቦ ነው፤ ውስጡ በጎማ ተለብጧል፤ ጎማው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄዱ ቦዮች አሉ። ዘንጉ በዚህ ጎማ መካከል ይሽከረከራል። ድቡልቡል ብረት የለም፤ ግራሶ የለም፤ ዘይት የለም። የሚያለሰልሰው ጀልባዋ የተቀመጠችበት ውሃ ራሱ ነው። ውሃው በቦዮቹ ይገባል፣ ዘንጉ ሲዞር ስስ የውሃ ንጣፍ ሆኖ ከጎማው ያላቅቀዋል፣ አሸዋም ቢገባ በቦዩ ታጥቦ ይወጣል።

ውሃ በዘይት ቦታ ይሠራል ብሎ የሰው ልጅ ያመነው በመከራ ነው። ፕሮፔለር ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የእንፋሎት መርከቦች ዘንጋቸው የሚዞረው በናስ ላይ ነበር። ብረት በብረት ላይ፣ ያውም ጨው ውሃ ውስጥ! ናሱ በጥቂት ጉዞ እየተበላ መርከቦቹን አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1854፣ ማለትም ደጃዝማች ካሣ ደረስጌ ላይ ዘውድ ጭነው ዐፄ ቴዎድሮስ ሊባሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ፔን መፍትሔውን በስሙ አስመዘገበ። መፍትሔው እንጨት ነው። ሊግነም ቪቴ የተባለ፣ ከካሪቢያን አካባቢ የሚመጣ፣ ውሃ ላይ ሲጥሉት እንደ ድንጋይ የሚሰምጥ ጠንካራ እንጨት። በውስጡ ያለው ሙጫ ከውሃው ጋር ተባብሮ ዘንጉን ያሾረዋል። ናስ ያልቻለውን እንጨት ቻለው።

ጎማው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ እሱም ከባሕር ሳይሆን ከጉድጓድ ነው የወጣው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ሸርውድ የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ነበር። የውሃ መሳቢያ ፓምፑ ኩሽኔታ አሸዋ እየበላው አስቸገረው። መለዋወጫ በእጁ የለም። ታዲያ ቁራጭ የጎማ ቱቦ አንሥቶ በቦታው ወሸቀበት። ለጊዜው ያለው ነገር ከዋናው ኩሽኔታ በለጠ። ዛሬ እንዲህ ያለ ዘንግ ካላቸው ትንንሽ ጀልባዎች የብዙዎቹ ዘንግ የሚዞረው የዚያ ቱቦ ልጅ በሆነ ኩሽኔታ ውስጥ ነው። መርካቶ ሄደው መለዋወጫ ሲያጡ ከሌላ ነገር ቆርጠው የሚገጥሙ መካኒኮቻችን ይህን ታሪክ ቢሰሙ «ታዲያ ምን ይገርማል?» ይሉ ነበር።

ወደ ስልኩ እንመለስ።

ካፕቴን ከልጅቷ የጠየቁት የመጀመሪያ ነገር ሁላችንንም አስገረመን። ምን ይጮኻል አላሉም። «መቼ ነው የሚጮኸው?» ነው ያሉት። «ምን እንደሚጮኽ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁሉም ይገምታል። መቼ እንደሚጮኽ ግን ሕፃን ልጅም መመስከር ይችላል።» ከዚያም ለልጅቷ ምርመራ አዘዙ። ሐኪም ናት እሷ፣ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች፤ ወረቀት አውጥታ ስትጽፍ ይሰማል።

አንደኛ፣ ጀልባዋ እንደታሰረች ሞተሩ ይነሣ፤ ማርሽ ሳይገባ ነዳጅ ይሰጠው። ዝም ካለ ሞተሩ ራሱ ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ ገመዱ ጠንክሮ ታስሮ ቀስ ያለ ማርሽ ይግባ። ሲመታ ምቱን ቁጠሪ፤ ዘንጉ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፈሽ ዙሩንም ቁጠሪ። ካምቢዮው ፍጥነቱን ስለሚቀንሰው ዘንጉ ከሞተሩ በግማሽ ያህል ዘግይቶ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ምቱ ከዘንጉ ዙር ጋር ከገጠመ ነገሩ ከካምቢዮ ወዲያ ነው፤ ከሞተሩ ጋር ከገጠመ ከካምቢዮ ወዲህ ነው። «ስትቆጥሪ ደግሞ ሻርፕሽን አውልቂ፣ ፀጉርሽን እሰሪ፣ እጅሽን አርቂ። የሚዞር ዘንግ ዘመድ አያውቅም።»

ሦስተኛውን ሲያዙ ግን ፊታቸው በራ። «እኔ በዕድሜዬ ሙሉ ያላገኘሁት ዕድል አለሽ፤ ሸራ አለሽ! መርከባችን ብትታመም ሞተር አጥፍቶ መሄድ አይቻልም። አንቺ ግን ነፋስ ባለበት ቀን ውጪ፣ ሸራውን ዘርጊ፣ ሞተሩን አጥፊ፣ ማርሹን ነፃ አድርጊው። ውሃው ራሱ ፕሮፔለሩን ያዞረዋል። ሞተሩ ሞቶ ዘንጉ እየዞረ ድምፁ ካለ፣ ሞተሩ በቦታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሊከሰስ አይችልም።»

ልጅቷ በሳምንቱ ደወለች። ያለ ማርሽ ጸጥ ይላል። ማርሽ ሲገባ ይመታል፤ ምቱ ከዘንጉ ዙር ጋር እኩል ነው። አሁን ደግሞ የምትደውለው ከውሃ ላይ ነው፤ በቪዲዮ። ሸራው ተወጥሯል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ባለቤቷ ወለሉን ከፍቶ ስልኩን ወደ ዘንጉ አስጠጋ። ካፕቴን ቀኝ ጆሯቸውን ስክሪኑ ላይ ለጠፉ። ጉርርር የሚል ደብዛዛ ድምፅ አለ፤ ያ ኃይለኛ ምት ግን የለም።

«ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ልክ ነው» አሉ። «ጉርምርምታው የሱ ነው። ምቱ ግን ሞተሩ ሲገፋ ብቻ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሞተሩ ዘንጉን የሚገፋው ቀጥ አድርጎ አይደለም።»

ልጅቷ ስልኩን ስታዞር ከኋላዋ ዳርቻው ታየ፤ ጥድ፣ ሕንፃ፣ የታሰሩ ጀልባዎች። ካፕቴን «የት ነሽ?» አሉ።

«ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ነን ጋሼ፤ ከሲያትል ማዶ ከርክላንድ ፊት ለፊት። ያ ሆቴሉ ያለበት ድሮ መርከብ ማምረቻ ነበር ይባላል።»

«ሃውተን?»

«አዎ፣ ሰፈሩን እንደሱ ይሉታል። እንዴት አወቁ?»

እንዴት እንደሚያውቁ እኔ ልንገራችሁ። «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው እዚያው ሐይቅ ዳር፣ ሃውተን ላይ በነበረው የሌክ ዋሽንግተን መርከብ ማምረቻ ነው። ውሃ የነካችው በ1935 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ስሟ «ኦርካ» ነበር። የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል የጦር መርከብ ሆና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓሲፊክን ዞረች። ሐይቁ ከውቅያኖሱ የሚገናኘው በባላርድ ባለው፣ ውሃ እየሞላና እየጎደለ መርከብ በሚያሻግር በር ስለሆነ፣ ያቺ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ ጨው ከሌለው ውሃ ወደ ጨው ውሃ የወረደችው ዛሬ እነዚህ ልጆች ዘጠኝ ሜትር ጀልባቸውን ይዘው በሚያልፉበት በዚያው በር ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ ምፅዋ ገባች፤ የባሕር ኃይላችን መኮንኖችና ባሕረኞች ትምህርት ቤታቸው እሷ ሆነች። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ በ1983 ደግሞ የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። «ኢትዮጵያ» በዚያው ቀርታ እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ባሕረኞቹም ተበተኑ። ካፕቴን ባሕር ዳር ወርደው ጣና ላይ የሰው ጀልባ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ነው በስተርጅና ሰሚት የገቡት።

«በይ ዳርቻውን ቆይቼ አየዋለሁ» አሉ ካፕቴን፤ «መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አሳዪኝ።» ይኼ ነው ባሕርያቸው።

ፕሮፔለሩን ለምን ፈለጉት? ጣና ያስተማራቸው ነገር አለ። ከ2004 ዓ.ም. ግድም ወዲህ እምቦጭ ሐይቁን ሲወርር ብዙ ጀልባ በሣርና በተጣለ የዓሣ መረብ ታንቋል። ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ውሃው ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ ይዘጋል፤ ውሃ ያጣ ጎማ በደቂቃዎች ይቃጠላል። የታጠፈ ምላጭም ዘንጉን በየዙሩ ይወዘውዘዋል። የልጆቹ ጀልባ ከውሃ በታች በካሜራ ስትታይ ግን ፕሮፔለሯ ንጹሕ ነው። አንድ ተጠርጣሪ ወጣ።

ቀጣዩ ምርመራ የሚደረገው ጀልባዋ ውሃ ላይ እንዳለች ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የጀልባ አካል ውሃው እኩል ሲሸከመው አንድ ቅርጽ አለው፤ በክሬን ወጥቶ በድጋፍ እንጨት ላይ ሲቀመጥ ትንሽ ይለወጣል። ዓይን አያየውም፤ ዘንግ ግን ያየዋል። ስለዚህ የሞተርና የዘንግ ትይዩነት የሚለካው በየብስ አይደለም።

የካምቢዮው ፍላንጅና የዘንጉ ፍላንጅ፣ ማለትም ጫፋቸው ላይ ያሉት ክብ ዝርግ ብረቶች፣ ፊት ለፊት በብሎን ተጣብቀው ነው የሚሠሩት። ብሎኖቹ ወጥተው ሁለቱ ፊቶች በጥቂቱ ይላቀቁና ቀስ ብለው እንዲነካኩ ይደረጋል። ከዚያ በመካከላቸው ስስ የብረት ቅጠል፣ ፊለር ጌጅ የሚባለው፣ በአራት አቅጣጫ ይገባል፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ። ደንቡ ቀላል ነው፦ የፍላንጁ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በሁለቱ ተቃራኒ ጎኖች መካከል ያለው የክፍተት ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከሺህ አንድ። የልጆቹ ከላይ ሲነካ ከታች 0.6 ተከፍቶ ተገኘ።

ባለቤቷ በስልኩ «ዘንጉ ታጥፏል ማለት ነው?» አለ።

«ቸኮልክ። የዘንጉን ፍላንጅ ብቻ ግማሽ ዙር አዙረውና እንደገና ለካ። ክፍተቱ አብሮ ዞሮ ከላይ ከመጣ ጥፋቱ የዘንጉ ወይም የፍላንጁ ነው። እዚያው ከታች ከቀረ ዘንጉ ንጹሕ ነው፤ የተኛው ሞተሩ ነው።»

አዞረ። ለካ። ክፍተቱ ከታች ቀረ።

ሞተሩ ተኝቷል! ግን ሞተር ለምን ይተኛል? የሚቀመጠው በአራት የጎማ ጎሚኒዎች ላይ ነው። ካፕቴን እያንዳንዱን በባትሪ ብርሃን አሳዩኝ አሉ። ሦስቱ ደኅና ናቸው። ከኋላ በስተግራ ያለው አብጧል፣ ለስልሷል፣ በጣት ሲነኩት ጥቁር ይለቃል። ከጎሚኒው ላይ ወደ ላይ ተከተሉት ሲባሉ የናፍጣ ፊልትሮ ተገኘ። የፊልትሮው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ጠብታ አለ። በደንብ ያልታሰረ ብሎን፣ ሥሩ ያረጀች አንዲት የመዳብ ሮንዴላ።

ይኸውላችሁ ገዳዩ! ሮንዴላዋ ናፍጣ አንጠባጠበች። ናፍጣው ጎሚኒውን በላው። ጎሚኒው ሲለሰልስ የሞተሩ ጭራ ወረደ። ሞተሩ ሲወርድ የዘንጉን አፍንጫ ወደ ታች ሳበው። ዘንጉ ደግሞ በኩሽኔታው ውስጥ ስለሚያልፍ፣ አፍንጫው ሲወርድ ጭራው ተነሣ፤ ጎማውን ከፊት በኩል ታቹን፣ ከኋላ በኩል ላዩን እየገዘገዘ ጨረሰው። አምና አዲስ ኩሽኔታ የገጠመው ሰው ሥራውን አላበላሸም ይሆናል። አዲሱን ኩሽኔታ ግን ገዳዩ ባለበት ቤት አስገብቶ በሩን ዘጋበት።

የቀረው ጥገና ነው። መጀመሪያ ሮንዴላዋ ተቀየረች። ከዚያ ጎሚኒዎቹ፤ አንዱ ሲያረጅ ሌሎቹም እኩዮቹ ናቸውና አራቱም። ከዚያ ጀልባዋ በክሬን ወጣች። ዘንጉ ጫፉ ተይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዝ ይንቀሳቀሳል፤ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዘንግ ንቅናቄው 1.5 ሚሊ ሜትር ግድም ከደረሰ ኩሽኔታው አበቃለት። የነሱ አልፎታል። ፕሮፔለሩ በመንቀያ ወጣ፤ ካፕቴን «መዶሻ ያነሣ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አላውቀውም» ብለው ነበር፤ በመዶሻ የተመታ ዘንግ የካምቢዮውን ኩሽኔታም ይዞ ይሄዳልና። ዘንጉ ወጣ። የድሮው ኩሽኔታ በቤቱ ውስጥ ተጣብቋል፤ በሴጌቶ ምላጭ ከውስጥ ሁለት ቦታ በርዝመቱ ተሰነጠቀ፤ ቤቱን ሳይነኩ ቅርፊቱን ብቻ። ከዚያ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ወጣ። ስልኩ ላይ ሲያሳዩን ጎማው ካፕቴን እንዳሉት ነበር፤ ከፊት ታቹ፣ ከኋላ ላዩ ተበልቷል።

አዲሱ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አደረ። ብረት ሲቀዘቅዝ ጥቂት ይሰበሰባልና በቀላሉ ይገባል። ግራሶ አልተቀባም፤ ሳሙናና ውሃ ብቻ። በረጅም ጥርስ ብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ እየተሳበ ቀስ ብሎ ገባ። ጀልባዋ ውሃ ላይ ተመለሰች፤ ቅርጿ እንዲመለስ አንድ ሌሊት ታስራ አደረች፤ ከዚያ የጎሚኒዎቹ ዳዶ ሩብ ሩብ ዙር እየተነካ ክፍተቱ ከ0.1 በታች እስኪሆን ድረስ ሞተሩ ተነሣ። ፍላንጁ ታሰረ። ማርሽ ገባ። በስልክ የመጣልን ድምፅ የውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። ካፕቴን ያን ጊዜ ነው «በይ አሁን ያን ዳርቻ አሳዪኝ» ያሉት፤ ልጅቷም ጀልባዋን ወደ ሃውተን አዙራ አሳየቻቸው። አዩትና «ሆቴል አደረጉት? ጥሩ ነው፤ ሰው ይተኛበት» ብለው ቡና አስደገሙ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የሲያትል ታሪክ ነበር። የሰሚት ያደረገው ቡናው ላይ የነበረ አንድ ወጣት ነው። ልጁ ከግቢያችን በታች፣ መንገዱ ዳር፣ ጋራዥ ይሠራል። በዚያው ሰሞን ወደ አያት በኩል ለሚሠሩ ሕንፃዎች አሸዋ የሚያመላልስ አይሱዙ ይገባበታል። ኃይሉን ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ረጅም ዘንግ ከሁለት የተቀጠለ ነው፤ መሃሉ ላይ በጎማ የታቀፈ ኩሽኔታ ይሸከመዋል። ያ ኩሽኔታ ሌላ ቦታ ተቀይሮ ነበር፤ ደግሞ ተቀይሮ ነበር፤ አሁንም ይቀየር ተብሎ መጣ። ልጁ አዲሱን ዕቃ በእጁ ይዞ ከመኪናው ሥር ሊገባ ሲል ትዝ አለው፤ ወጣ።

«መቼ ነው የሚጮኸው?» አለ ሾፌሩን።

ሾፌሩ አሰበ። ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው አይጮኽም። ሲነሣ ይንቀጠቀጣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል። «የጀመረውስ መቼ ነው?» ክሮቼራው፣ ማለትም ዘንጉ በማዕዘን እንዲዞር የሚያደርገው መስቀለኛ ማጠፊያ፣ ከተቀየረለት በኋላ። ልጁ ለጎማዎቹ ድንጋይ አስደገፈ፣ ኋላውን በክሪክ አንሥቶ በማስቀመጫ ብረት ላይ አሳረፈው፣ ገብቶ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ተከተለው። በዘንጉ ሁለት ጫፍ ያሉት የክሮቼራ ሹካዎች አንድ መስመር ላይ መዋል ነበረባቸው፤ አልዋሉም። ክሮቼራ በማዕዘን ሲዞር በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። የአንዱን ጫፍ ውዝዋዜ የሌላው ጫፍ የሚያጠፋው ሹካዎቹ ሲተያዩ ብቻ ነው። ክሮቼራውን የቀየረው ሰው ዘንጉን ሲፈታ ምልክት አላደረገም፤ መልሶ ሲገጥም ጥርሱን አሳልፎ አስገባው። የሁለቱ ጫፎች ውዝዋዜ መጠፋፋቱ ቀርቶ ተደመረ፤ የተደመረውን ሁሉ የሚቀበለው ደግሞ ያ ምስኪን የመሃል ኩሽኔታ ነው። ልጁ ዘንጉን ስቦ ሹካዎቹን አስተያየ፣ በብረት ጫፍ ምልክት ጫረበት፣ ከዚያ በኋላ ነው ኩሽኔታውን የገጠመው።

ከዚያ ወዲህ ይህን ጋራዥ የሚረግጥ ሾፌር ሁሉ ሳይጠየቅ አይሠራለትም። ደንበኞቹ ግማሾቹ ይወዱለታል፤ ግማሾቹ ይማረራሉ። በቀደም አንዱ የቅጥቅጥ ሾፌር ትዕግሥቱ አልቆ «ወንድሜ፣ እኔ ኩሽኔታ ቀይርልኝ አልኩህ እንጂ ክስ ክፈትልኝ አልኩህ?» ሲለው ሰማሁ። ልጁ ከመኪናው ሥር ሆኖ ባትሪውን እንደያዘ መለሰለት፦ «ሟቹማ ይኸው እጄ ላይ ነው። አንተ ምስክር ነህ፤ መልስልኝ፤ መቼ ነው የሚጮኸው?»